ከመጋረጃው በስተኋላ የበራው አምፖል

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ልሄድ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ አልነሣ አለ። ረዳቱ ባትሪውን ነካ ነካ አድርጎ፣ «ቡዳ በልቶታል፤ ከመካከላችሁ ዓይኑ የከፋ ማን ነው?» አለ። ሰው ሁሉ ሣቀ። ሸክላ ድስት በጆንያ የያዘች አንዲት ሴት ብቻ አንገቷን ደፋች። እኔ ግን ይህ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ገና ወጣት ዲያቆን ሳለሁ፣ አጎቴ ጋሼ ተሰማ በዚሁ መንገድ ሰው የምታመላልስ ባለ ሸራ አሮጌ መኪና ነበረችው። በዚያ ጥቅምት፣ ማታ ደኅና የገባችው መኪና ጧት ባትሪዋ ሞቶ ይገኝ ጀመር። ውርጭ ነው ተባለና ብርድ ልብስ ለበሰች፤ ጠበልም ተረጨች፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ምክንያት ተገኘላት፦ ሸክላ ሠሪዋ ወይዘሮ አስካለ። የእግሯን ቁስል ለማሳየት በመኪናዋ ወደ ሐኪም ቤት ትመላለስ ነበርና፣ «ባትሪውን የምትበላው እርሷ ናት» አሉ።

አንድ ቀን ተሳፋሪዎቹ የባቄላ ቆሎ እየቆረጠሙ «ውረጂ» አሏት።

«ጌታዬ፣ ሐኪሙ ከዘገየሽ እግርሽ አይተርፍም ብሎኛል» አለች ወደ አጎቴ ዞራ።

እርሱም ፊቷን ሳያይ፣ «መኪናዋ ስትድን ትሄጃለሽ» አላት።

አንድ ክረምት ደብረ ብርሃን ጋራዥ ሠርቼ ነበርና፣ አጎቴ ሲመለስ መኪናዋን መመርመር ያዝሁ። ካቦውን፣ ወፍራሙን ሽቦ፣ ከባትሪው ነቅዬ በሁለቱ መካከል ትንሽ አምፖል አሰርሁ። ሁሉ ነገር ጠፍቶ ሳለ አምፖሏ ፈዘዝ ብላ በራች፤ አንዳች ነገር ባትሪውን ይመጥጥ ነበር ማለት ነው። ፊውዞቹን ተራ በተራ ብነቅልም አልጠፋችም። በኋላ ከባትሪው በቀጥታ የወጣች ቀጭን ሽቦ አየሁ። ብከተላት አጎቴ በዚያ ሰሞን ከመሪው በላይ ወደ ሰቀላት የእመቤታችን ሥዕል አደረሰችኝ። አጎቴ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሥዕሏን ማታ ማታ በከፋይ መጋረጃ ይጋርዳት ነበር። ገለጥሁት። ከውስጥ መብራት ይበራል፤ ሙቀቱ የሰበሰባቸው በረሮዎች በቅዱስ ፊቷ ላይ ይርመሰመሳሉ። ሽቦዋን ብነቅል የእኔ አምፖል ጠፋች።

«ጋሼ፣ ይህ ሌሊቱን ሁሉ እንደሚበራ ያውቁ ነበር?»

«የእመቤታችን መብራት ይጠፋል እንዴ? አንተ ምን ዓይነት ዲያቆን ነህ?»

«እንግዲያው ነገሩን ለሰዉ ይንገሩና ወይዘሮ አስካለን እናሳፍራት።»

«የእመቤታችን መብራት ባትሪዬን ጨረሰ ብዬ ልናገር? አፌ ይቆረጥ። እርሷንም ባሳፍር ሌላው ይወርዳል።»

በማግስቱ፣ ሽቦዋ ተነቅላ አድራ ነበርና፣ መኪናዋ ቁልፍ እንደ ነካት ተነሣች፤ ያለ ወይዘሮ አስካለ ሄደች። እኔ በቅሎ ለምኜ ወሰድኋት። ቁስሉ ግን ከፍቶ ነበርና እግሯን ከጉልበቷ በታች ቆረጡት። የሰፈሩ ሰው «ዓይኗ በራሷ ላይ ዞረ» አለ። አጎቴም ይህን እየሰማ ሰው ማመላለሱን ቀጠለ።

መብራቷ ኃጢአት የለባትም። እስከ ዛሬ የሚያንገሸግሸኝ፣ «አፌ ይቆረጥ» ያለው የአጎቴ አፍ አንዲት ጾም እንኳ ያልገደፈ መሆኑ ነው።

ሚኒባሱ ተገፍቶ ተነሣ። ረዳቱ፣ «አባቴ፣ ጋቢና ይግቡ፤ ይመችዎታል» አለኝ። ከባለ ሸክላዋ ሴት አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ማንም አልተቀመጠም ነበር። ጆንያዋን በእግሮቼ መካከል አድርጌ እዚያ ተቀመጥሁ።