ሰማያዊ ሸሚዝ ለባሹ

ከባቡር ጣቢያው አጥር ሥር፣ አንዲት ሴት ከዛፉ ጥላ ተቀምጣ የትራስ ልብስ እየጠለፈች ትሸጣለች። የመነጽሯ አንዱ ክንድ ተሰብሮ በክር ታስሯል። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ለስብሰባ ሲጣራ ቀና ብላ አታይም። አጠገቧ ከጅቡቲ የመጣ፣ በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ አለ፤ ባትሪው ካለቀ ቆይቷል።

ጌሙ ውስጥ አንድ ሰውዬ ድልድይ ሲሻገር ጎርፍ ይመጣና ይወስደዋል። ይህን ለገዢው ሁሉ ትተርካለች፣ ለአንዱ በአማርኛ፣ ለሌላው በሶማሊኛ። በእሷ አፍ ሰውዬው እናት አለው፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቤትም አለው። ጥልፉ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ማዶ ደርሶ ቆሟል።

«ጌሙ ላይ እኮ ይወድቃል» ይሏታል።

«እሱ በባትሪ ነው፤ ይሄ በእጄ ነው።»

ጌሙ ላይ ሰውዬው ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር። እሷ ግን እጅጌው የተጠቀለለ ሰማያዊ ሸሚዝ ታለብሰዋለች። ትናንት አንድ የባቡር ሠራተኛ ትራስ ሊያዛት መጥቶ፣ «አቦ፣ የኔ እናት፣ የኔን ሰውዬ እንኳን ቀይ አልብሺው» አላት።

መርፌዋ ጨርቁ ላይ ቆመ።

«ቀይ አይሆንም» አለችው ረጋ ብላ። «ልጄ ከቤት ሲወጣ የለበሰው ሰማያዊ ነው።»