የጋሼ ታደለ አሥራ ሁለት እንጨቶች

ባለፈው ወር አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ እንዳለች፣ ዲላ ውስጥ ወደማስተምርበት ኮሌጅ ስሄድ ሁለት አናጢዎች ከደጃፋቸው ላይ ዋንዛ ሲሰነጥቁ ደረስኩ። የእርጥቡ ሰጋቱራ ሽታ አፍንጫዬ እንደገባ እግሬ በራሱ ቆመ። ሌላውን ሰው እንጨት እንጨት ይሸተው ይሆናል፤ እኔን ግን የሸተቱኝ ጋሼ ታደለ ናቸው፤ ካፖርታቸው፣ እጃቸው፣ ከጆሯቸው ጀርባ የሚሰኳት እርሳስ ሳትቀር። ተማሪዎቼ እየጠበቁኝ መሆኑን ያስታወስኩት አንደኛው አናጢ «እህቴ፣ ምን እንታዘዝ?» ሲለኝ ነው።

ጋሼ ታደለ ከቤታችን ፊት ለፊት የእንጨት ሥራ ቤት የነበራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ደጋው ላይ፣ ቡሌ ነው፤ ሙያውንም የተማሩት እዚያው ከአባታቸው ነው። አልጋና ቁም ሳጥን፣ በርና መስኮት እየሠሩ ይኖራሉ፤ እኛን ልጆቹን ከደጃፋቸው አላላቅቅ ያለን ግን ከቁርጥራጩ የሚሠሩት ነገር ነበር። ጣት የሚያካክሉ ስድስት እንጨቶች ጎናቸው በመሮ ተቦርቡሮ፣ አንዱ የሌላው ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ያለ ሚስማር ያለ ኮላ ተቃቅፈው ኮከብ የመሰለ ነገር ይሆናሉ። «ቁልፍልፍ» ይሉታል። ቢጎትቱት አይላቀቅም፣ ቢያጣምሙት አይነቃነቅም፤ የትኛው እንጨት በየት በኩል እንደሚንሸራተት ለሚያውቅ ሰው ግን ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ይበታተናል።

አባቴ የአማርኛ መምህር ነበርና የማይፈታው እንቆቅልሽ በምድር ላይ ያለ አይመስለውም ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አንዱን ቁልፍልፍ ተቀብሎ ገባ። መፍታቱን ፈታው፤ መልሶ ሊገጥመው ሲል ግን ምሳው ቀዘቀዘ፣ እናቴም ሁለቴ ጠርታው ሦስተኛውን ትታ ብቻዋን በላች። በመጨረሻ ስድስቱን እንጨቶች በፕላስተር ጠቅልሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ቡፌው ላይ አስቀመጣቸው። በሳምንቱ ጋሼ ታደለ ቤታችን ሲመጡ አዩትና አንስተው አገላብጠው «ምነው፣ ቆስሎ ነው እንዴ?» አሉ። አባቴ ያን ያህል ሲያፍር ሌላ ቀን አላየሁትም።

እኔ ትዕግስት እባላለሁ፤ ስም ሲያወጣም አባቴ ተሳስቷል። ጋሼ ታደለ አፋቸውን የፈቱት በጌዲኦኛ ስለሆነ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ይምታታባቸዋል፤ እኔንም ልጃቸውን ምሕረትንም «አንተ» ነበር የሚሉን። «ትዕግስት፣ ና ተመልከት!» ሲሉኝ መንገዱን እንደ ወፍ እሻገረዋለሁ። ምሕረት የክፍሌ ልጅ ነበረች። እሷ ቁልፍልፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ታስባለች፤ እኔ እታገለዋለሁ።

አምስተኛ ክፍል ልንገባ ስንል፣ ጋሼ ታደለ ክረምቱን ሙሉ ያለ ምንም ንድፍ፣ እየገጠሙ እየቀረጹ፣ አሥራ ሁለት እንጨት ያለው ትልቅ ቁልፍልፍ ሠሩ። በእንጨቶቹ መካከል ፀጉር እንኳ አያስገባም። ሰኞ ይዘውት ወደ ቡሌ ሊወጡ፣ ዕድሜ ልካቸውን ቤት ያለ ሚስማር ሲሠሩ ለኖሩት ሽማግሌ አባታቸው ሊያሳዩ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ጣውላ ሊያወርዱ ወጣ ሲሉ እኔ ገባሁ። ልነካው ብቻ ነበር። ወደ ጎን ገፋ ሳደርገው ሦስት እንጨቶች አንድ ላይ ሸርተት አሉ፤ ልቤ በደስታ ዘለለች፤ ደግሜ ገፋሁ፤ ከዚያ በኋላ እጄ ያደረገውን እኔ አላዘዝኩትም። ጋሼ ታደለ ሲመለሱ አሥራ ሁለቱ እንጨቶች ሰጋቱራው ላይ ተበትነው፣ እኔ መካከላቸው ቆሜ ሳለቅስ አገኙኝ። ዱላ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቁጢጥ ብለው አንድ በአንድ ለቀሙና «በየት በኩል ነው የጀመርከው?» አሉኝ። አላስታውስም ነበር።

እሑድን ሙሉ ሞከሩ። ሰኞ ባዶ እጃቸውን ቡሌ ወጡ። አባታቸው ሥራውን ሳያዩ በዚያው ዓመት ዐረፉ። ጋሼ ታደለ አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ ከሁሉ የከፋብኝም እሱ ነው። በየእሑዱ በረንዳቸው ላይ ጆንያ አንጥፈው፣ እንጨቶቹን ዘርግተው ሲሞክሩ ከመስኮታችን አያቸዋለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት ስመለስም እዚያው ጆንያ ላይ ናቸው።

ምህንድስና ተምሬ፣ የንድፍ መምህር ሆኜ ዲላ ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ቢሮ ተቀምጬ ኢንተርኔት ላይ ሌላ ነገር ስፈልግ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቁልፍልፍ ብቻ የተሠራ ሶፍትዌር መኖሩን ያየሁት። እያንዳንዱን እንጨት ስክሪኑ ላይ በትንንሽ ኩቦች ይገነቡለታል፤ ሲገጠም ምን መምሰል እንዳለበት ይነግሩታል፤ እሱ ደግሞ እንጨቶቹ የሚገናኙበትን መንገድ ሁሉ ሞክሮ፣ ሳይሰበሩ በመንሸራተት ብቻ የሚገቡትን ለይቶ፣ አካሄዱን እንደ ፊልም ያሳያል። ጮህኩ። የቢሮ ጓደኛዬ እባብ የገባ መስሏት ወንበር ላይ ወጣች።

ቅዳሜ ምሳ እንኳ በወጉ ሳልበላ ላፕቶፔን ይዤ ተሻገርኩ። ጋሼ ታደለ ሸምግለዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሥራ ቤታቸውን የብረት በር የሚበይዱ ሰዎች ተከራይተውታል። ጨለለቅቱ ከተማ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ የምትሠራው ምሕረትም ያን ዕለት በሞተር መጥታ ነበር። እሷ በማስመሪያ እየለካች ትጠራለች፣ እኔ ኩብ እሞላለሁ። አሥራ ሁለተኛው ሲያልቅ አስጀመርኩትና ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ ተተከልን። አሥር ሰዓት ገደማ ጨረሰ። ዜሮ አለ። አንድም መንገድ የለም።

«አይገጥምም ይላል፣ ጋሼ» አልኳቸው፤ ዕንባዬ መጣ።

«ገጥሞ ነበር» አሉ ኮስተር ብለው። «እኔ ነኝ የገጠምኩት። አሳየኝ፣ አንድ በአንድ።»

ላፕቶፑን ጭናቸው ላይ አደረግኩላቸው። እኔ ስክሪኑ ላይ እንጨቶቹን ሳዞር፣ እሳቸው እውነተኛውን ይዘው ጎድጓዳውን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ ያስተያያሉ። ሰባተኛው ላይ ቆሙ።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«እንዴት ጋሼ?»

«ግራውን ቀኝ አድርገኸዋል። መስታወት ውስጥ ያለው ወንድሙ ነው ይሄ።»

እውነታቸውን ነበር። እንጨቱን ከሥሩ ገልብጬ እያየሁ ሞልቼው ኖሯል። አስተካክዬ እንደገና አስጀመርኩት። ምሕረት ሳይመሽ ልመለስ ብላ ሞተሯ ላይ ወጥታ ነበር፤ አላስችል አላትና ወርዳ በትከሻዬ ላይ ማየት ጀመረች። «አንድ!» ብላ የጮኸችው እሷ ናት። ከዚያ ሁሉ ሺህ መንገድ የሚገጥመው አንድ ብቻ ነበር።

ፊልሙን እያስቆምኩ ሳሳይ፣ ምሕረት እንጨቶቹን ደግፋ ስትይዝ፣ የሚገፋው የጋሼ ታደለ ጣት ነበር። የመጨረሻዎቹ ሦስት እንጨቶች ተያይዘው ገብተው ጠቅ ሲሉ፣ ሽማግሌው ቁልፍልፉን ከራሳቸው በላይ አንስተው መንገደኛውን ሁሉ ጠሩ። በያጆቹ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጡ፤ አባቴ በነጠላ ጫማው ሮጦ ደረሰ፤ ያለ ፕላስተር ነው ወይ ብሎ አገላብጦ አየው። በዚያ ጫጫታ መሐል ጋሼ ታደለ ለልጃቸው በጌዲኦኛ አንድ ነገር አሏት። ምን አሉ ብዬ ጠየቅኳት።

«‹አባቴ ቢያየው› ነው ያለው» አለችኝ።

በሚቀጥለው እሑድ በመስኮት ሳይ፣ ጋሼ ታደለ በረንዳው ላይ ነበሩ፤ ጆንያው ግን አልተነጠፈም፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ። የዚያኑ ዕለት ላፕቶፑን ከፍቼ፣ አሁን ለመፍታት ሳይሆን አሥራ ሁለት እንጨት ያለው አዲስ ቁልፍልፍ ለመንደፍ፣ ከዚህ አንድ ኩብ እየቀነስኩ እዚያ እየጨመርኩ፣ ስንት መልስ አለው እያልኩ እየጠየቅኩ ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ሦስት መልስ፣ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። በዋንዛ አሠርቼ ፈትቼ በጆንያ ወሰድኩላቸው።

«ስንት መንገድ አለው?» አሉኝ ዓይናቸው በርቶ።

«አንድ ብቻ። ሲጀመር በዚህ...»

«እንዳትናገር!» ብለው እጃቸውን አፌ ላይ ሊጭኑ ተነሡ።

ከዚያ በኋላ በደጃፋቸው ባለፍኩ ቁጥር «ትዕግስት፣ ዛሬ አምስት አስገባሁ!» ይሉኛል፤ ልክ ይሁኑ አይሁኑ ፊቴ ላይ እንዳያነቡብኝ ሳቄን ውጬ አቀርቅሬ አልፋለሁ። ዘጠኝ ደርሰው ነበር፣ ባለፈው ዓመት ሲያርፉ።

አሁን ተማሪዎቼ ራሳቸው ሶፍትዌሩ ላይ ይነድፋሉ፤ መልሱ አንድ ሲሆንላቸው ይጮኻሉ፣ እኔም አብሬ እጮኻለሁ። ጋሼ ታደለ ያልጨረሱት የዚያ ቁልፍልፍ መልስም ላፕቶፔ ውስጥ አለ፤ አንዴ ብጫነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳየኛል፤ ለፈለገም አሳያለሁ። መልሱን የምደብቀው ሰው ነው ያጣሁት።