አራት ጭረት

ልጅ ሳለሁ፣ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር በምንኖርበት ግቢ፣ ቀን የሚቆጠረው በተረት ነበር። አንድ ምሽት አንድ ተረት፤ ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ ጭረት። ቆጣሪው የእናቴ አባት ነበሩ፤ አባባ እላቸዋለሁ። አገር ቤት እያሉ አስተማሪ ነበሩ። ተሰደው ከመጡ በኋላ ግን የቀረቻቸው ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም በዓረብኛ የምማር፣ በዓረብኛ የምጫወት፣ በዓረብኛ የምሳደብ የሰባት ዓመት ልጅ ስለነበርኩ አማርኛዬ አንካሳ ነበር። ደብተሬን ሲያርሙ ስህተቱን አይሰርዙትም፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ነጥብ ያስቀምጡና ይመልሱልኛል። «ሰው ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ሲያገኘው ነው የሚማረው» ይሉ ነበር። ያኔ የአባባ ነጥብ ከሌሎቹ መምህሮቼ አለንጋ በጣም የተሻለች ትመስለኝ ነበር።

እናቴ እዚያው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የምትመጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ግን አሠሪዋ ስለወለደች አራሷንም ሕፃኑንም ልትጠብቅ ሦስት ሳምንት እዚያው ልትቆይ ሆነ። ልትሄድ ስትል አባባን ለብቻቸው ስታነጋግራቸው ከበሩ ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። አባባ መርሳት ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ምስር ምድጃ ላይ ጥደው ረስተውት ቤቱ በጭስ ሲታፈን የደረሱልን ጎረቤታችን ሃጃ ናቸው። ሌላ ቀን ዳቦ ሊገዙ ወጥተው፣ ረክሻ የምንለው ባጃጅ ተሳፍረው፣ የሚወርዱበት ጠፍቷቸው ሲዞሩ ውለዋል።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ከተደገመ ገዳሪፍ ወንድምዎ ጋ ነው የምልክዎ» አለች እናቴ። «ልጄን ለማን ብዬ ነው የምተዋት?»

«ጃጅተሃል በይኛ!»

«እንደዚያ አልወጣኝም።»

«ስሚኝ፤ ዛሬ ዶሮ አስታቅፌያለሁ። ጫጩት የምታወጣው በሃያ አንድ ቀኗ ነው፤ አንቺም የምትመጪው ያን ቀን ነው። አንዲት ቀን ሳልስት ቆጥሬ እጠብቅሻለሁ። ያኔ ግድግዳው ይመስክርልኝ።»

«ኢንሻአላህ» አለች እናቴ። ጉንጬን ስማኝ፣ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ዶሮዋ ገብስማ ነበረች። ሦስት ቀን ሙሉ ከጎጆዋ አልነሳ ብላ፣ ላባዋን ነፍታ፣ እጁን የላከባትን ሁሉ ስትነቁር ነበር የሰነበተችው። የካርቱም ፀሐይ እንቁላል ሊቀቅል ምንም አይቀረው፤ ስለዚህ አባባ ውሃ የምናቀዘቅዝበት ትልቁ የሸክላ ጋን፣ ዚሩ አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ አስቀመጧት። በአሮጌ ሳፋ ላይ እርጥብ አሸዋ አደረጉ፣ ከላዩ ጭድ ጎዘጎዙ፣ ከዚያም አሥራ አንድ እንቁላል አንድ በአንድ አስገቡላት። በየጠዋቱ ራሳቸው አቅፈው ያወርዷትና ማሽላ ይበትኑላታል። በልታ፣ ጠጥታ፣ አፈር ላይ ተንከባልላ እስክትመለስ መዳፋቸውን እንቁላሎቹ ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። «እሷ ለራሷ አታስብም፤ እኛ እናስብላት እንጂ» ይሉኛል። በዚያ ወር እናቴ የሰው ልጅ ታቅፋለች፣ ዶሮዋ እንቁላል ታቅፋለች። እኔ ብቻ እጄ ባዶ ነበር፤ ቅናትም ይዞኝ ነበር።

ምሽት ላይ ግቢው ውስጥ አንገረቡ፣ የገመድ አልጋችን ላይ ቁጭ እንላለን። መብራት ይጠፋል፣ ደግነቱ ፍሙ ይቀራል። አባባ ሻይ የሚያፈሉበት ምድጃ ፊታቸውን ከሥር እያበራው፣ ጭሱ ወደ እኔ ሲመጣ «ቆንጆ ይከተላል» እያሉ ያሾፉብኛል፤ ከዚያ ተረቱ ይጀመራል። «በኩራ ምን ትነግረኛለህ?» ስላቸው «‹ነገ› በይ፤ ደግሞ ‹ይነግሩኛል› በይ» ብለው ሁለት ጊዜ ያርሙኛል። በሰባተኛው ምሽት ሻማ አብርተው፣ እንቁላሉን በጣታቸው መሃል ይዘው ብርሃኑ ላይ ደቀኑልኝ። እንደ ቀይ ክር የተዘረጉ ሥሮች አየሁ፤ መሃላቸው አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች። ሁለቱ ባዶ ስለነበሩ ወጡ፤ ዘጠኝ ቀሩ።

በአሥረኛው ምሽት የነገሩኝ ተረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አንድ ሰው እንግዳ መጥቶበት ዶሮውን ሊያርዳት ቢነሳ ቢላው ጠፋበት። ቤቱን ቢያገላብጥ የለም። ተስፋ ቆርጦ «ሚስቴ ሆይ፣ ሽሮ ሥሪ» አለ። ዶሮዋ ተረፍኩ ብላ ደስ ብሏት ግቢውን ስትጭር፣ ስትጭር፣ የተቀበረውን ቢላ አወጣችው። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ የሚባለው ለዚህ ነው» አሉኝ አባባ።

«ምን አጠፋች?» አልኳቸው።

«ምንም። ደስ ብሏት ጫረች።»

ከዚያ ተነስተው፣ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ አሥረኛዋን ጭረት አሠመሩ። የሃያ አንደኛውን ምሽት ተረት ግን ጫጩቶቹ ሲወጡ፣ እናቴም ባለችበት ነው የሚነግሩኝ። ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው ብለውኝ ነበር።

በማግስቱ አባባ ሲያንቀላፉ ከሰል አንስቼ አንድ ጭረት ጨመርኩ። ያኔ ጭረቱ ቀኑን የሚጎትተው ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ማታ ያሠምራሉ፣ ጠዋት ሌላ ቀን ይመጣል፤ ታዲያ ሁለት ብናሠምር እናቴ ቶሎ አትመጣም? ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳልጨምር ግን ክፉ ብልጠት ነበረኝ። አንድ ቀን እዘላለሁ፣ ሌላ ቀን እጨምራለሁ፤ በመጨረሻ አራት ሞላሁ። አባባ በጣታቸው እየነኩ ሲቆጥሩ ግራ ይገባቸዋል። «አሥራ አንድ ነበር የመሰለኝ እኮ» ብለው ራሳቸውን ያካሉ። «ማሂ፣ ትናንት የነገርኩሽ ስንተኛው ነበር?»

«አሥራ ሁለተኛው።»

«በቃ፣ የረሳሁት እኔ ነኛ» ይላሉ፤ ጭንቅላታቸውን ሳይሆን ግድግዳውን ያምናሉ።

በግድግዳው ቆጠራ ሃያ አንደኛው ቀን ሲደርስ የፋሲካ ቀሚሴን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። ሚኒባሶቹ አለፉ፣ ረክሾቹ አለፉ፣ እናቴ አልመጣችም። ዶሮዋም ዝም። «መዳሟ ይዛት ይሆናል» አሉ አባባ፤ ድምፃቸው ግን እርግጠኛ አልነበረም። ጭረት ቀን እንደማይጎትት የገባኝ ያን ቀን ነው። ተናገሪ ተናገሪ አለኝ፤ አልተናገርኩም። አባባ መትተውኝ አያውቁም። የፈራሁት ዱላ ሳይሆን ፊታቸውን ነበር።

ሁለት ቀን ጠበቁ። በሁለተኛው ቀን ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ክፍላችን ውስጥ ሻማ አብርተው እንቁላሎቹን በየተራ እየወሰዱ አይተው መለሱ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ነበር። ቀይ ክር የለም፤ ሁሉም ጥቁር ነው። ሊወጣ የደረሰ ጫጩት ቅርፊቱን ስለሚሞላው እንቁላሉ እንደሚጠቁር ዛሬ እኔም አውቃለሁ። እሳቸው ግን ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚጠቁረው የገማ ነው ብለው ያምናሉ፤ ቀኑ ማለፉን ደግሞ ግድግዳው መስክሯል።

«ገምቷል። ይቺ ምስኪን ባዶ ተስፋ ታቅፋ በረሃብ ትሞትብናለች» አሉ። «ነይ፣ ያንቺ እጅ ትንሽ ነው፤ አውጪያቸው።»

እጄን ከሆዷ ሥር ሰደድኩ። ነቆረችኝ፤ ይገባኛል። እንቁላሎቹ ይሞቃሉ። አንዱ መዳፌ ውስጥ ከውስጥ የነካኝ መሰለኝ። ስምንቱን አወጣሁ፣ ያን አንዱን መልሼ ጭዱ ውስጥ ተውኩት።

«ስንት ሆኑ?»

«ዘጠኝ» አልኳቸው።

በፌስታል አድርገን ሰፈሩ ጫፍ ላይ ወዳለው ቆሻሻ መጣያ ሄድን። አባባ ፌስታሉን ከፍ አድርገው ወረወሩት። ሲወድቅ ተሰበረ፤ ከውስጡ «ጭው» የሚል ድምፅ ወጣ። የአባባ ዓይን ይድከም እንጂ ጆሯቸው ደህና ነበር። ቆሻሻው ላይ ተንበርክከው ፌስታሉን ቀደዱት። እርጥብ፣ ገና ሆዳቸው ያልተዘጋ ጫጩቶች ነበሩ፤ ሦስቱ ይንቀሳቀሳሉ። በጀላቢያቸው ጫፍ ሰብስበው፣ ደረታቸው ላይ አድርገው፣ እስትንፋሳቸውን እየሰጧቸው ወደ ቤት ሮጡ። እንደዚያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ቤት ሳንደርስ ሁሉም ሞቱ።

«ምን አደረግሁ? እኔ ምን አደረግሁ?» ይሉ ነበር። እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ለጫጩቶቹ የማለቅስ መስሏቸው ያባብሉኛል። ያ ማባበላቸው ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል።

እናቴ አርብ ጠዋት መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ከዚሩ አጠገብ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ሰማን፤ ከዶሮዋ ክንፍ ሥር አንድ ቢጫ ራስ ብቅ አለ። የተውኳት እንቁላል ነበረች። አባባ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሯት። እናቴ በጣቷ ቆጠረች።

«አባዬ፣ የሄድኩት አርብ ነው። ዛሬ ሦስተኛው አርብ ነው። ሃያ አንዱ ዛሬ ነው እኮ!»

አባባ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ጎንበስ ብለው፣ ሊነኩት ምንም እስኪቀራቸው ተጠግተው፣ ጭረቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ። ብዙ ቆዩ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ፣ አብረሽ አልቆጠርሽም?»

«የሚቆጥሩት አባባ ናቸው» አልኩ።

አባባ ቀና አሉ። አዩኝ። «ልጅቷን ተያት» አሏት። «እኔ ነኝ። አሥምሬ እየረሳሁ ደግሜ አሥምሬ ይሆናል።»

በሳምንቱ ገዳሪፍ ሄዱ። ሃጃ ሳይቀሩ አለቀሱ፤ እናቴ ልብሳቸውን ስታጥፍ ቀና ብላ አላየቻቸውም። ሊሳፈሩ ሲሉ እጃቸውን ይዤ «የሃያ አንደኛውን ተረት አልነገሩኝም» አልኳቸው። «ይነግሩኛል» ማለት ያኔ ተምሬ ነበር። አባባ ጭንቅላቴን ዳሰሱ።

«ረሳሁት፣ ማሂ። አንቺ ትዝ ሲልሽ ትነግሪኛለሽ።»

ግራ ገባኝ። ያልሰማሁትን ተረት እንዴት ነው የምነግራቸው? በቃ፣ እውነትም ረስተዋል ብዬ አመንኩ። ማመኑ ደግሞ ቀለለኝ፤ እውነት ከረሱ ጥፋቱ ሁሉ የእኔ አይደለማ።

ገዳሪፍ ስድስት ዓመት ኖረው እዚያው ሞቱ፤ እዚያው ተቀበሩ። እኔና እናቴ ዴም ቆየን፣ ጦርነቱ መጥቶ ከተማው እስኪፈርስብን ድረስ። ልንወጣ ባልንበት ጠዋት፣ ዚሩ ውስጥ ከቀረው ለመንገድ የሚሆን ውሃ ለመቅዳት ሁለታችን ገፍተን አጋደልነው። አባባ ሊሄዱ ሰሞን ዚሩን ጭረቶቹ ላይ አስጠግተውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከግድግዳው ተነስቶ አያውቅም። ጭረቶቹ እዚያው ነበሩ። የአባባ ጭረት ወደ ቀኝ ያጋድላል። አራቱ ግን አጫጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ የልጅ እጅ ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ሥር አንዲት ትንሽ የከሰል ነጥብ ተቀምጣለች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እናቴ።

«አራቱ የእኔ ናቸው» አልኳት። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከሩቅ ተኩስ ይሰማል። የውሃ ጆጉን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«አባቴን እኮ እኔ ነኝ ያባረርኩት» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ «ያላ፣ መኪናው ጥሎን ይሄዳል» አለችኝ።

አሁን የምንኖረው ገዳሪፍ ነው። ዶሮ አረባለሁ፤ ሳስታቅፍ ቀኑን በስልኬ እመዘግባለሁ፣ ግድግዳ አላምንም፣ ራሴንም አላምንም። ሻማ ይዤ እንቁላል ባየሁ ቁጥር ግን የምሰማው የአባባን ድምፅ ነው። ከነገሩኝ ተረቶች አንዳንዶቹን ረስቻለሁ። ሃያ አንደኛው ምን እንደነበረ ግን ዘግይቶም ቢሆን ገብቶኛል፤ ሲጠብቁ የነበሩት ከእኔ አፍ ነበር። በሕይወት ሳሉ፣ በየፋሲካው ልንጠይቃቸው ስንመጣ፣ ገና በሩን ስንገባ፣ «እሺ ማሂ፣ ትዝ አለሽ?» ይሉኝ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ሽማግሌው ይቀባጥራሉ ብሎ ይስቃል። እኔም አብሬ እየሳቅሁ፣ «ገና ነው፣ አባባ» እላቸው ነበር።