ቤቴ ውስጥ በመገኘቴ ተከሰስኩ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል፤ እኔም ረስቼዋለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤቷ ወረቀት ይዛ መጥታ «አያቴ፣ ፈርሚልኝ» አለችኝ። የቅርጫት ኳስ ቡድን ገብታለች። ወረቀቱ አንድ ስፖርተኛ ከግቢ ውጭም ቢሆን ማድረግ የሌለበትን ነገር ይዘረዝራል። ሳነበው ንድድ አለኝ። ልጅቷ ምን እንዳናደደኝ ስላልገባት ፊቴን እያየች ቆመች። እኔም ነገሩን ልጻፈውና ይውጣልኝ አልኩ።

ያኔ የምንኖረው ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ወረድ ብሎ ነበር። አባቴ በልጅነቴ ሞቷል። እናቴ ወይዘሮ በለጡ ከጎጃም መጥታ ኮልፌ የቀረች፣ ጠላ እየጠመቀች ያሳደገችኝ ሴት ናት። ቅዳሜና እሁድ ጠላው ሲደርስ ከአጥሩ በላይ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ትሰቅላለች። ጣሳ የተሰቀለበት ቤት ጠላ እንዳለው የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። ጣሳው ሲወርድ ቤታችን እንደማንኛውም ቤት ነው። ያው አንድ ክፍል ነው፤ ቀን ጠጪ ይቀመጥበታል፣ ሲመሽ እኛ እንተኛበታለን።

እኔ ደግሞ በትምህርት ቤታችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ኳስ አቀባይ ነበርኩ። በዚያ ዓመት በትምህርት ቤቶች ውድድር ለፍጻሜ ደረስን። የአንድ ፋብሪካ ቡድን አሠልጣኝ ፍጻሜውን ሊያዩ እንደሚመጡ ተነገረን። እሳቸው የመረጧት ልጅ ለቡድኑ ከመጫወቷም ሌላ እዚያው ፋብሪካ ትቀጠራለች። ይህ ለእኔ እማዬ ከጋን ጋር መታገሏን ትተዋለች ማለት ነበር። ሌት ተቀን የማስበው እሱን ብቻ ነው።

መዘዙ የመጣው በእግር ኳሰኞቹ ነው። ከመካከላቸው ሁለቱ የትምህርት ቤቱን ማሊያ እንደለበሱ ማዞሪያው ላይ ሰክረው ተደባደቡ። እነሱን ቀጥቶ ነገሩን መተው ይቻል ነበር። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ግን ደንብ አወጣ፤ ማንኛውም ስፖርተኛ ከትምህርት ቤት ውጭ መጠጥ ቤት ከተገኘ ከቡድኑ ይታገዳል ተባለ። ሰብሳቢው የእኛ ዩኒት ሊደር ነበሩ። ስብሰባ ላይ «ጓድ ሰብሳቢ» ካልተባሉ ቀና ብለው አያዩም።

ደንቡ በወጣ በመጀመሪያው እሁድ እኚሁ ጓድ ሰብሳቢ ከሁለት መምህራን ጋር እኛ ቤት ገቡ። አዲስ እንግዳ አይደሉም፤ ደንበኛ ናቸው። የቀዳሁላቸው እኔው ነኝ። «ጎበዝ፣ ለፍጻሜ ደረሳችሁ አይደል?» ብለው አመሰገኑኝ። አንዱን ጨርሰው ሁለተኛ አስቀዱ። ሰኞ ጠዋት የክስ ወረቀት ደረሰኝ። «እሁድ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ጠላ ቤት ተገኝተሻል» ይላል።

ረቡዕ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አሠልጣኛችን ቲቸር ግርማ አብሮኝ ገባ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ቤቷ እኮ ነው» አለ።

«ደንቡ የማን ቤት እንደሆነ አይጠይቅም። መጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ነው።»

«ታዲያ ልጅቷ የት ትሁን?»

«እሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

«እሺ፣ ማን አያት?»

ጓድ ሰብሳቢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከታማኝ ምንጭ ደርሶናል» አሉ።

ታማኙ ምንጭ እኮ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነው የሚያወራው! ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እማዬ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ የምትለኝ አንድ ነገር አለ፤ የጠጪ ስም ከቤት አይወጣም። ማን መጣ፣ ማን ሰከረ፣ ማን አለቀሰ፣ ደጅ አይወራም። ሰው እኛ ቤት የሚመጣው በዚህ ተማምኖ ነው። ደግሞስ በዚያ ዘመን ሰብሳቢን «እርስዎስ?» ብሎ መጠየቅ ቀልድ አልነበረም። እያረረኝ ዋጥኩት።

ሁለት ነገር ወሰኑብኝ። አንደኛ፣ ዓርብ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ፊት ወጥቼ ግለ ሂስ አደርጋለሁ። ሁለተኛውን ሲያነቡት ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጣሳ ተሰቅሎ ሳለ ቤት ውስጥ ከተገኘሁ ከፍጻሜው እታገዳለሁ፤ ጣሳው ሲወርድ ግን ቤቱ መኖሪያ ስለሚሆን መግባት እችላለሁ። የተማሩ ሰዎች ተቀምጠው ተወያዩ፣ እጅ አውጥተው ድምፅ ሰጡ፣ ስለ አንድ ጣሳ ቃለ ጉባኤ ያዙ! ቲቸር ግርማ ሳቁ እንዳያመልጠው በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ግለ ሂሱን የጻፉልኝ እነሱ ናቸው። «ያደግሁበት ቤት ኋላ ቀርና አሳፋሪ ነው፤ እዚያ በመገኘቴ አፍራለሁ» የሚል አለበት። ዓርብ ሰልፍ ፊት ቆሜ አነበብኩት። ተጨበጨበልኝ።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤታችን ከእማዬ ጋር ቆማለች። ልጇ እኛ ጋ ነው የሚማረው። ስታየኝ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ነገሩ ቀድሞኝ ቤት እንደገባ ገባኝ። እማዬ የሚበላ አቀረበችልኝ። የጣሳውን ውሳኔ ስነግራት «እሺ» ብቻ አለች።

ቅዳሜ ጠላው ደርሶ ሳለ ጣሳው ሳይሰቀል ዋለ።

«አስኮ አክስቴ ጋ ልሂድና አንቺ ሥሪ» አልኳት።

«ከቤትሽ የትም አትሄጂም» አለችኝ።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጓድ ሰብሳቢና ሁለቱ መምህራን ናቸው። እማዬ በሩን ከፈት አድርጋ ደፉ ላይ ቆመች፤ እኔ ከኋላዋ ሆኜ እሰማለሁ።

«እትዬ በለጡ፣ ምነው ዛሬ ጣሳ የለም?»

«የለም፣ ጌታው። ልጄ ቤት ናት።»

«ለእኛ እንኳ? ለሦስት ሰው አያጡም።»

«ጠላውማ ሞልቷል። ግን ለእናንተ ከቀዳሁ ቤቱ መጠጥ ቤት ይሆንና ልጄ ኳሷን ታጣለች። እናንተው አይደላችሁ የወሰናችሁት?»

አንደኛው መምህር ሳቀ። ጓድ ሰብሳቢ አልሳቁም።

«ልጅቷን ለትንሽ ሰዓት ጎረቤት ቢልኳትስ?» አሉ።

«ጎረቤትማ እናንተ ሂዱ። እሷ ቤቷ ናት» ብላ በሩን ዘጋችባቸው።

የዚያን ሳምንት ጠላ ሆምጥጦ ተደፋ። በሚቀጥለው እሁድም መጡ፤ አሁንም እንደመጡ ተመለሱ። በማግስቱ ኮሚቴው በድንገት ተሰበሰበና ጉዳዩ «እንደገና ታይቶ» ቤታችን መኖሪያ ቤት መሆኑ «በጥልቀት ተረጋገጠ»። የጣሳውም ውሳኔ ተነሣ። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ወረቀት፣ ያ ሁሉ «ጓድ፣ ጓድ» ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ኖሯል። የተደፋውን ጠላ ማን ይመልሰው? ይቅርታ እንኳ ያለን የለም።

ፍጻሜውን ተጫወትን፤ ተሸነፍን። የፋብሪካው አሠልጣኝ እንደተባለው መጡ፤ ካሸነፈን ቡድን ሁለት ልጆች መርጠው ሄዱ።

ቤት ስደርስ እማዬ ለእግሬ ውሃ አሙቃ ጠበቀችኝ።

«ተሸነፍን» አልኳት።

«ይሁን፤ ዋናው በሰላም መግባትሽ ነው» አለችኝ። ጎንበስ ብላ እግሬን ማጠብ ጀመረች። ከዚያ ቀና ሳትል «ያን ዓርብ ግን ጎላ አድርገሽ ነው ያነበብሽው አሉ» አለችኝ።

«እነሱ ናቸው የጻፉት፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ» አለች። እስክትሞት ድረስም ነገሩን ዳግም አላነሣችውም።

ኮሚቴውን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል፤ እንዲህ ያለ ደንብ የሚያወጣ ሰው ባገኝ አሁንም እጣላዋለሁ። በራሴ ግን የምናደደው ይበልጣል። ያን ጠዋት ከቡድኑ እንዳልወጣ ብዬ፣ መጨረሻ ላይ የቆሙት ሁሉ እንዲሰሙኝ፣ ሜዳ ላይ ኳስ እንደምጠራው ጮኼ ነው ያነበብኩት። ቃሉን እነሱ ጻፉት። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ያለኝ ግን ማንም አልነበረም።