የሐጂ ሱቅ በረንዳ

የያዙኝ ካርቶኔን አቅፌ ስሄድ ነው። ካርቶኑ ውስጥ የነበረው የቆቦ ነጋዴዎች ያዋሱኝ አሮጌ ደረሰኝና ከየሱቃቸው ደጅ ቆመው የተነሱት ፎቶግራፍ ነበር። የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። መደርደሪያዎቻችን ላይ የሌላ አገር የንግድ ታሪክ ሞልቷል፤ የራሳችን ገበያ ግን አንድ ገጽ እንኳ አልነበረውም። ይህ ያንገበግበኝ ስለነበር ለአንድ መደርደሪያ የሚበቃ ነገር ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ነጋዴውን ስለምን ከረምኩ።

ነጋዴ ደግሞ ስለ ንግዱ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚታየው ግብር ነው። አባትዎ በምን ጀመሩ ስላቸው ከገቢዎች ነህ ወይ ይሉኛል። የነሱ ሳያንስ ጸጥታዎቹ፣ ማን ከዋጃ፣ ማን ከአፋር ጋር ይነግድ እንደነበር ምን አስጠየቀህ ብለው ሰላይ አደረጉኝ። እንዲህ ከሁለት ያጣ ሆንኩ።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ቆርቆሮው በቀትር ይንጣጣል፤ የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የማሽላ ፍሬ ቀርቷል። በዚያ ሰሞን ሰው በጅምላ ይታፈስ ስለነበር እግር መዘርጊያ አልነበረም። ጥጉ ላይ ጋቢያቸውን አንጥፈው የተቀመጡትን ሽማግሌ ሳይ ደነገጥኩ። ሐጂ ነበሩ።

ሐጂ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሱቁን የወረሱት ከአባታቸው ነው። ከነጋዴው ሁሉ ክፉኛ የመለሱኝ እሳቸው ነበሩ። በሄድኩ ቁጥር ከበረንዳው በታች አቁመው ዛሬ አይመቸኝም ይሉኛል። በእኛ አገር እንግዳን አቁሞ ማናገር ሂድልኝ እንደማለት ነው።

አመሻሽ ላይ መርማሪው ጠርቶኝ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ለማን እንደምሰበስብ እስከ ነገ ካልተናገርኩ ሁሉንም እንደሚያቃጥለው ነገረኝ። ለቤተ መጻሕፍት ነው ስለው ሳቀብኝ። ወደ ክፍሉ ስመለስ እንባዬ መጣ። ሰዎቹ እኔን አምነው ከግድግዳቸው ያወረዷቸው ፎቶዎች ነበሩ፤ ሌላ ቅጂ የላቸውም።

ሐጂ አዩኝና የጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉልኝ።

"ተቀመጥ፤ አብሽር" አሉኝ። "ምን ነበር ልትጠይቀኝ የፈለግኸው?"

ጠባቂው በሩ ላይ እንደሆነ በዓይኔ አሳየኋቸው።

"ይስማ" አሉ። "ስትጠይቀን የከረምከው ይኸን እንደሆነ እሱም ይስማ።"

ጠየቅኋቸው። አንድም ቀን ያልነገሩኝን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነገሩኝ። አባታቸው ጣቃ አቡጀዲ ጨርቅ በአህያ ጭነው ሮቢት ገበያ እየተመላለሱ ነው የጀመሩት። የአፋር ነጋዴዎች የጨው ጭነታቸውን የሱቁ በረንዳ ላይ አራግፈው፣ ያለ አንዳች ወረቀት አደራ ብለው ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ጨዋቸው ተሽጦ በምትኩ ጨርቅ ይጠብቃቸዋል። እስረኛው ሁሉ ጆሮውን ሰጠ። አንድ ገበሬ የሠርጉን ልብስ ከዚያ ሱቅ እንደገዛ አስታወሰ። ሐጂ ቀጠሉና፣ ከሱቁ ሲገባ በስተግራ ልብስ ሰፊ እንደነበራቸው ሲናገሩ ከበሩ ድምፅ መጣ።

"በስተቀኝ ነው" አለ ጠባቂው። "ሰፊው አባቴ ነበር።"

ሁላችንም ፈራን። ሐጂ ግን ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው የአንድ ሰው ቦታ አበጁ።

"የሱ ልጅ ነህ እንዴ?" አሉት። "በል ና ተቀመጥ። የኛ በረንዳ ላይ ቆሞ የሚያወራ የለም።"

እኔን ስንቴ እንዳቆሙኝ ትዝ ቢለኝም ሳቄን ዋጥኩት። ጠባቂው አልገባም፤ ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የበሩ ደፍ ላይ ቁጢጥ አለ። ሐጂ ታስረውም እንግዳ ተቀባዩ እሳቸው ነበሩ። በዚያች ሰዓት በእኒያ ሰው ኮራሁ።

በማግስቱ መርማሪው ምን ሲያወሩ አመሹ ብሎ ጠባቂውን ሲጠይቀው ሰማሁ።

"ስለ አቡጀዲ" አለ ጠባቂው።

ካርቶኑ አልተቃጠለም። ስፈታ መለሱልኝ፤ የጎደለ ነገር ነበረው፤ ፎቶዎቹ ግን ተርፈዋል። ሐጂም ከእኔ ጥቂት ቆይተው ወጡ።

ዛሬ መደርደሪያው ቆሟል። ሐጂ የአባታቸውን ሱቅ ፎቶ በጨርቅ ጠቅልለው፣ ገቢዎች እንዳያዩብኝ እያሉ ራሳቸው አመጡልኝ። ፎቶው ላይ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጧል፤ በስተቀኝ። ሐጂ አዩትና የሰፊው ልጅ ልክ ነው፣ ጥራው አሉኝ።

ላክሁበት፤ በአንድ የገበያ ቀን ያለ ዩኒፎርሙ መጣ። ከፎቶው ፊት ቆሞ ቀረ። ቤታቸው የአባቱ ፎቶ እንደሌለ የነገረኝ ያኔ ነው። ቂም እንደሌለብኝ ብናገር እዋሻለሁ፤ ያ በር ሲቆለፍ የሚሰማው ድምፅ አሁንም አብሮኝ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ከዚያ ወንበር ስቤ አመጣሁለት።

"ተቀመጥ" አልኩት። "አባትህ ስፌት ከማን ተማሩ?"