ሁለት አዛዥ ያለው ኮምፒዩተር

ነገሌ ከተማ፣ እሙሽ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት የተጠራው ጠጋኝ ሁላችንንም «አካም? ናጋ?» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ሲጨርስ ኮምፒዩተሩን በጥፊ አጮለው።

«ተነስ፣ አንተ ምልምል!»

ይሄ ጥገና ከሆነ እኔም ባለሙያ ነኝ። ምልምሉ ድርቅ እንዳለ ቀረ።

የጠጋኙ የወታደር ጃኬት በፀሐይ ነጥቷል፤ ማዕረግ የነበረበት የትከሻው ጨርቅ ብቻ አሁንም አረንጓዴ ነው። ጫቱን በጉንጩ ወጥሮ፣ በያዘው ዲስኬት በኩል የማስነሻውን ፋይል ከፈተና ሳቀ።

«እሙሽ፣ ሜሞሪ የሚያስተዳድር ፕሮግራም ድሮም ነበረሽ። ከሜጋ ከተማ ያስመጣሽው ዲስኬት ሌላ ደረበበት። አንድ ካምፕ ውስጥ ሁለት አዛዥ! ወታደሩ ለማን ይታዘዝ?»

«ታዲያ አሮጌውን ይሰርዙታ፣ ጋሼ!»

«አይሰረዝም። መስመሩ ፊት ‹ሬም› ብለሽ ትጽፊበታለሽ። ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ግን እያየው ያልፈዋል።»

ጻፈበት፤ ማሽኑም ተነሳ። እሙሽ እልልታዋን ሳትጨርስ ከከተማው ጦር ካምፕ አንድ ወጣት መቶ አለቃ ገባ። ጠጋኙ ማኘኩን አቆመ፤ ከወንበሩ ሳይነሳ ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ሰላምታ እስኪሰጠው ጠበቀ።

መቶ አለቃው በዚያ አረንጓዴ ትከሻ ላይ አሻግሮ እያየ፣

«እሙሽ፣ ፎቶ ኮፒ ይሠራል?» አለ።