የነፍስ አባት ለመንጃ ፈቃድ

እናትነሽ መቀመጥ አልቻለችም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ አራት ዓመት ባጃጅ ስትነዳ፣ ትራፊክ ፖሊስ በሩቅ ባየች ቁጥር በጓሮ መንገድ እየታጠፈች የኖረች ሴት፣ ዛሬ በመንጃ ፈቃድ ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተረጋግተሽ ጠብቂ ቢሏት እንዴት አድርጋ! ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን ታጣፋለች።

መንጃ ፈቃድ የላትም፤ መታወቂያ የላትማ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ከተዳረችበት ቤት፣ ከቡሬ ገጠር፣ ጠፍታ ነው የመጣችው። የከተማው ቀበሌ «ከነበርሽበት መሸኛ አምጪ» ይላታል። መሸኛውን የሚፈርመው ማን ሆነና? ያው የሸሸችው ባሏ፣ ዛሬ የዚያ ቀበሌ ሊቀ መንበር! ኧረ ሞቷን ትመርጣለች።

ዘንድሮ ግን መላ ተገኘ። መታወቂያ የሌለው ሰው፣ ከልጅነቱ የሚያውቀው ካህን ከመሰከረለት ለመንጃ ፈቃድ መመዝገብ ይችላል ተባለ። እናትነሽም የነፍስ አባቷን፣ በሰማንያ ቀኗ ያጠመቋትን፣ ኋላም ወደ ከተማው የተዛወሩትን መምሬ ይታገሱን ይዛ ከች አለች። እሳቸው ያላወቋት ማን ያውቃታል!

ጸሐፊው ሀብተሚካኤል ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የትውልድ ቦታዋን ጠየቃቸው። መምሬ አንድ በአንድ መለሱ። ልቧ ትንሽ አረፍ አለ።

«ያለ ፈቃድ ነድታ ታውቃለች? ነድታ ከሆነ አንድ ዓመት መጠበቅ አለባት።»

እናትነሽ ክው ያለችው ይሄኔ ነው። በየጾሙ እግራቸው ሥር ተንበርክካ «አባቴ፣ ዛሬም ያለ ፈቃድ ነዳሁ» ያለቻቸው ራሷ ናት! ወይ የሷ ነገር፣ ምስክር ብላ ያመጣችው ኃጢአቷን የሚያውቁትን ሰው ነው። እውነቱን ቢናገሩ የንስሐ ምሥጢር ማውጣት ሆነባቸው፤ አልነዳችም ቢሉ ውሸት። ሽማግሌው የእጅ መስቀላቸውን ጭብጥ አድርገው በላብ ተጠመቁ።

«አባ፣ ይመልሱልኝ እንጂ፤ ሰው እየጠበቀ ነው።»

አንድ ዓመት! ምን በልታ፣ ልጇን ምን አብልታ? «አልነዳችም ይበሉልኝ» ብላ በዓይኗ ለመነቻቸው። የመምሬ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሊሉላት ነው። ዕድሜ ልካቸውን ያልዋሹ ሰው ለእሷ ሲሉ ሊዋሹ ነው።

«ነድቻለሁ!» አለች ብድግ ብላ። «እሳቸውን ተዋቸው፣ እኔን ጠይቀኝ። አራት ዓመት ነድቻለሁ።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ አቀርቅሮ ጻፈ።

ከቢሮው ሲወጡ መምሬ ደጃፉ ላይ ቆም አሉ። «ልጄ፣ ልዋሽልሽ ነበር እኮ» አሉ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ።» የባጃጇን ቁልፍ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠች። «ዓመቱ እስኪሞላ እርስዎ ይያዙልኝ። እኔ ጋ ካለ ነገ ጠዋት እነዳዋለሁ።»